የደጀናችን ጆሮ

ኋላ መቅረት የሚያስከብርበት ቦታ ካለ የእኛ የቅዳሜ ጉዞ ነው። አራት ነን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካዛንቺስ እንገናኝና በብስክሌት በጎተራ፣ በሳሪስ አድርገን ወደ ቃሊቲ እንወርዳለን። ከከተማው ወጣ ብለን እግራችንን ካፍታታን በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ እንመለሳለን። የምንሄደው በሰልፍ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ፊት ያለው ነፋሱን ይቀበላል፣ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ ሲደክመው ለሚቀጥለው ይለቃል። የመጨረሻው ሰው ግን አይቀየርም። እሱ ደጀን ነው። ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሰምቶ ይጮኻል፤ እኛ ወደ ጠርዝ እንሰበሰባለን፤ መኪናው ያልፋል። ደጀን ባይኖር ሁላችንም ስንገላመጥ ነው የምንውለው። አንገቱን ያዞረ ሰው ደግሞ መሪውም አብሮ ይዞርበታል።

ደጀናችን ጋሼ ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ሰሜን ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በብስክሌት ይወዳደሩ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው ብረት ሲቆረጥና ሲቀጠቀጥ በሚውልበት ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ወጡ። ቀጭን ናቸው፤ ባታቸው ግን ዛሬም የጎረምሳ ነው። ብስክሌታቸው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ካቴናው ግን ከአንገት ሐብሌ ይበልጥ ያበራል። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ይቆማሉ፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው ይሳለማሉ፤ እኛም አብረን እንቆማለን። ዳገት ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ከኋላዬ «ኣጆኺ!» ይሉኛል፣ በትግርኛ አይዞሽ ማለታቸው ነው። አንድ ብርዳም ጠዋት ከመካከላችን ትንሹ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው ልጅ፣ «ጋሼ ዛሬ እኔ ኋላ ልሁንና እርስዎ መሀል ይግቡ» ቢላቸው ሳቁና፣ «ከኋላ ያወረዳችሁኝ ዕለት ሳይክሌን ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ» አሉ። ሳቁ ለእኛ ነበር፤ ቃሉ የምር ነበር።

ደጀን የሆነ ሰው የሁሉን ጀርባ ያያል። ጋሼ ደግሞ ያዩትን ውጠው አይቀሩም። የመጀመሪያው ዓመቴ ያለፈው በተግሣጽ ነው። ጉልበቴ ወደ ውጭ ሲከፈት «ጉልበትሽ!» ይላሉ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ «ትከሻሽ!» ይላሉ። ከሁሉ የባሰው «ኮርቻሽ!» ነው። ኮርቻዬን ዝቅ አድርጌ መቀመጥ እወዳለሁ፣ ስቆም እግሬ መሬት እንዲደርስ። እሳቸው ይህን እንደ ወንጀል ነው የሚያዩት። እኔ ሲናገሩኝ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፣ አለቃዬ ይመስክር። ለጋሼ ግን አፌን ዘግቼ ወርጄ ኮርቻዬን ከፍ አደርጋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልሼ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ እሳቸውም መልሰው ይጮኻሉ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ተግሣጹ ቆመ። ከኋላ የሚመጣው ቃል ወይ «ከኋላ!» ነው፣ መኪና ሲመጣ፤ ወይ «ከባድ!» ነው፣ ገልባጭ ሲመጣ። ኮርቻ የለ፣ ጉልበት የለ። እኔ ምን መሰለኝ? የተመረቅሁ መሰለኝ። ለባሌ ሳይቀር፣ «ጋሼ እኮ አሁን የሚሉኝ የላቸውም፣ ጎብዣለሁ» ብዬ ነግሬዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ነጭ መኪና ነው። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ እነሱ ደግሞ ሞተራቸው አይሰማም፣ ሲቀርቡ ያላቸው የጎማ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሳሪስን አልፈን በፍጥነት እየወረድን ነበር። ፊት ሒሳብ የሚያስተምረው መምህር፣ ቀጥሎ የባንኩ ልጅ፣ ከዚያ እኔ፣ መጨረሻ ጋሼ። ያቺን ሹክሹክታ ከኋላዬ ሰማኋት። ጥሪው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። መኪናዋ ክንዴን በነፋስ ገፋችኝና አለፈች፤ ስፖኪዮዋ የባንኩን ልጅ ክርን ላጥ አደረገው። ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ተወላገደ፣ እግሩን አውርዶ መሬቱን ጫረ፣ እንደምንም ሳይወድቅ ቆመ። ሁላችንም ቆምን።

የጋሼ ፊት አመድ መስሏል። የልጁን ክርን ይዘው አገላብጠው አዩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ሦስታችን በአንድ አፍ ተቃወምን። «ኧረ ጋሼ፣ መኪናዋ ድምፅ የላትም! ማን ሊሰማት ይችላል?» እኔ ከሁሉ አስበልጬ ጮኽሁ፣ ምክንያቱም እኔ ሰምቻት ነበር።

ስንመለስ እንደ ልማዳችን ወሎ ሰፈር ካፌ ገባን። ማኪያቶ ቀርቦልን ክርኑን በውሃ እያጠብን ሳለ ስልክ ጠራ። በጋሼ የጀርባ ኪስ ውስጥ ነው። ደጋግሞ ጠራ። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። ጋሼ ስኳሩን ቀደው ጨመሩ፣ ቀመሱት፣ ሌላ ጨመሩ። መምህሩ ቀድሞ ያማሰለውን ማኪያቶ እንደ አዲስ ማማሰል ጀመረ። የባንኩ ልጅ ክርኑን ያይ ነበር። እኔ መንገዱን አየሁ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ያለ ጋሼ ሦስታችን ካዛንቺስ ከመሥሪያ ቤቴ ሥር ተገናኘን። ልክ ያልሆነ ነገር እንደምናደርግ እያወቅን ነው የተቀመጥነው።

«በቃ፣ ማለቴ፣ ጋሼን ‹አይሰሙም› ልንላቸው ነው?» አለ የባንኩ ልጅ። «እኔ አልልም። ክርኔ ይቆረጥ እንጂ አልልም።»

«እኔም አልችልም» አለ መምህሩ። «አንቺ በያቸው፣ አንቺ ደፋር ነሽ።»

ደፋርስ ነኝ። ከአለቃ ጋር፣ ከታክሲ ረዳት ጋር፣ በብስክሌት መስመር ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከሚሄዱ ፍቅረኞች ጋር። ከጋሼ ጋር ግን አይደለሁም። ሰውየው የቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው፣ ኋላ በመሆን። አይሰሙም ካልናቸው ብስክሌቱን ይሰቅሉታል። ዝም ካልን ደግሞ አንድ ቀን አንዳችን በሰው ትከሻ ይመለሳል። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ የሚለውን ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ ግን ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። መካከለኛ መንገድ ፈለግንና አገኘን። ከኋላ የሚመጣ መኪናን ቀድሞ የሚናገር ራዳር አለ ተባለ፣ ከኋላ መብራቱ ጋር አብሮ ኮርቻው ሥር የሚታሰር። ለጋሼ ሳይሆን «ለቡድኑ» እንገዛለን። ደጀኑ እሳቸው ስለሆኑ የሚታሰረው እሳቸው ላይ ይሆናል። ማንም ምንም አላለም ማለት ነው።

ግዥው ለእኔ ተሰጠ፤ እንጀራዬም ግዥ ነውና። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የግዥ ባለሙያ ነኝ፤ ከወንበር እስከ ጄኔሬተር መስፈርት እጽፋለሁ። በሥራ ሰዓት፣ ኃጢአቴን ልናዘዝ፣ ስለ ብስክሌት የኋላ መብራት ያልተነበበ አልተውሁም። በቀን ምን ያህል ይታያል? ዝናብ ይችላል? አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ዓርብ መብራት ቢጠፋ ለቅዳሜ ይደርሳል? ከጎንስ ይታያል ወይስ ከቀጥታ ኋላ ብቻ? እንደ ጨረታ ሰነድ አድርጌ አወጣሁት።

ሰነዱን ይዤ ቡልጋሪያ ሰፈር ብስክሌት ወደሚጠግንና ዕቃ ወደሚሸጥ ሰው ሄድሁ። እጁ ግራሶ በግራሶ ነው። ወረቀቴን በሁለት ጣት ይዞ አነበበና መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው» አለ። «ግን መብራት የምትገዢው ለራስሽ አይደለም። ለሚያይሽ ሹፌር ነው። እሱ የት እንደሚቀመጥ አስበሻል?»

አላሰብሁም ነበር። የራሴን ብስክሌት አስቁሞ አሮጌ መብራቴን አሳየኝ። ዘንጉ ላይ ዘንበል ብሎ አስፋልቱን ያበራል። «ዓመቱን ሙሉ ጉንዳን ስታስጠነቅቂ ነበር» አለኝ። ቀጥ አድርጎ፣ ከመሬቱ ጋር አስተካክሎ አሠረውና ከሱቁ ወጥቼ ከማዶ እንዳየው አዘዘኝ። ያው ርካሽ መብራቴ ከመንገዱ ማዶ ዓይኔን ወጋኝ። ውዱን ሳይሸጥልኝ ያለኝን ያስተካከለ ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወድጄው ሦስት መብራት ለሙከራ በአደራ ተቀብዬው ወጣሁ።

ሙከራውን ያደረግነው ሰንጋ ተራ፣ መምህሩ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፣ በጠራራ ቀትር። የመኪና አደጋ ፀሐይን አይፈራምና በቀን የማይታይ መብራት ለእኛ ምንም ነው። ሦስቱን መብራቶች በሦስት ብስክሌት አስረን አሰለፍናቸው። የባንኩ ልጅ እየራቀ እየራቀ እስከ ጥግ ሄደና በስልክ ያየውን ይነግረኝ ጀመር። የግቢው ዘበኛ ምን እንደምንሠራ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ወደ ልጁ ሄደው አጠገቡ ቆሙ፣ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ፣ ተመልሰውም ፍርዳቸውን ሰጡ። «የመጀመሪያዋ ዓይን ታጠፋለች። ሦስተኛዋ ታንቀላፋለች። ሁለተኛዋ ግን ትጣራለች።» እኔ በሁለት ሳምንት ንባብ ያልደረስሁበትን እሳቸው በአምስት ደቂቃ ጨረሱት።

ሌላም ነገር ተማርን። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ለሹፌር ጥሩ ነው፤ በሰልፍ ውስጥ ግን ከኋላ ያለውን ሰው ዓይን ያጭበረብረዋል። ስለዚህ ከፊት ያሉት ደብዘዝ ያለና የማይርገበገብ ይይዛሉ፣ ብርቱውንና የሚርገበገበውን የሚይዘው ደጀኑ ብቻ ነው። ይህን ስንወስን ደስ አለን፤ ለጋሼ የሚያምር ምክንያት ሆነልን።

ራዳሩ ሱቅ አልተገኘም። ጎረቤቴ የበረራ አስተናጋጅ ናት፣ በእሷ አስመጣነው። ከማዘዜ በፊት አንድ ምርጫ ነበረ። ራዳሩ መኪና ማየቱን በሁለት መንገድ ይናገራል፤ ወይ በስልክ በኩል በድምፅ፣ ወይ መሪው ላይ በሚታሰር ትንሽ ስክሪን። ሦስታችን እንደገና ተሰበሰብን።

«ስክሪን ከሰጠናቸው» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ «አይሰሙም ማለታችን አይሆንም?»

ድምፅ መረጥን። መስፈርቱ ላይም በራሴ እጅ ጻፍሁት፦ ድምፁ ከፍተኛ ይሁን።

ራዳሩ በመጣ ሳምንት ቅዳሜ መብራቱንና ራዳሩን በጋሼ ብስክሌት ላይ አሰርን። «ለቡድኑ ነው ጋሼ፣ የዘመኑ ደንብ ሆኗል» አልኳቸው። እሳቸው ዕቃውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «መልካም» አሉ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ስልካቸውን ራሴ የጀርባ ኪሳቸው ውስጥ ከተትሁት። ካፌው ውስጥ ጥሪው እንኳ ያልተሰማቸው ያ ኪስ ነው፤ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ደምቆ የሚጮኸውን ስሰማ ይበቃል አልሁ።

ከሳሪስ በታች ራዳሩ ጮኸ። ቲት፣ ቲት። ከእኔ ኋላ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ጥሪውን ጠበቅሁ። ዝም። ከዚያ፣ ዘግይቶ ግን ሳይረፍድ፣ «ከኋላ!» መጣ። መኪናው አለፈ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቲት፣ እንደገና ዝምታ፣ እንደገና «ከኋላ!»። በሦስተኛው ጊዜ ልማዴን ጥዬ ዞሬ አየሁ። የጋሼ ፊት አልታየኝም። የታየኝ የአንገታቸው ጅማት ነው፣ ጭንቅላታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና አየሁ። እንደገና ዞረዋል። ብስክሌታቸው ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ምን እንዳየሁ ለራሴም ለመንገር ፈራሁ።

ስንመለስ ቂርቆስ በር ላይ ቆሙ። ተሳለሙ። ሄልሜታቸውን መልሰው ከማጥለቅ ይልቅ መሪያቸው ላይ ሰቀሉትና ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ይጮኻል አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ዛሬ ብዙ ጮኸ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ብዙ ጮኸ።»

«አንዱንም አልሰማሁትም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን የለም፣ የብረት ሠራተኛ ስለተበላሸ ማሽን ሲናገር እንዳለው ዓይነት ነው። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፊት ለፊቴ ሆነሽ ስታወሪ አፍሽን እያየሁ እጨርሰዋለሁ። ከኋላዬ ያለ ነገር ግን ጠፍቷል።»

ሌሎቹም ቀርበው ቆሙ። መኪናውን እንዴት ይጠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ እስከ ነጯ መኪና ድረስ አንድም ቀን ሳይስቱ።

«አሥር እረግጣለሁ፣ አንዴ እዞራለሁ» አሉ። «አሥር፣ መዞር። አሥር፣ መዞር። ማታ ማታ ባለቤቴ አንገቴን በቅባት ታሽልኛለች፣ ትራስ ነው ያጣመመኝ እላታለሁ።»

ከካዛንቺስ እስከ ቃሊቲና ከዚያም ወዲያ፣ መልሶም እስከ ካዛንቺስ፣ በብርድም በጭቃም። እኛ ተዝናንተን ስናወራ፣ ስንሳሳቅ፣ ሲያሻን ስንዘፍን። ሰውየው አንገታቸውን እንደ በር ማጠፊያ ሲያመላልሱ፣ መሪያቸውን አንዴ እንኳ ሳያወላግዱ። እኔ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንዴ ስዞር ወደ ጎርፍ ቦዩ ነው የምሄደው። በሕይወቴ ብዙ ሠራተኛ አይቻለሁ፣ የሥራ ሪፖርትም ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን አላየሁም።

«የነጯ መኪና ዕለት» አሉና ወደ ባንኩ ልጅ ክርን ተመለከቱ። «ዘጠነኛው ላይ ነበርሁ።»

ልጁ ፊቱን አዞረ። የእኔ እንባ ግን አላስፈቀደኝም።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኋቸው።

«እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ካፌው ውስጥ ሰዎች ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እናንተም ጸጥ ስትሉ አይቻለሁ፤ ስልኬ ሲጠራ እንደነበር ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።» ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኔም ደበቅሁ፣ እናንተም ደበቃችሁልኝ። የሰው ልጅ ልናስገድል ነበር። ከእንግዲህ ይበቃኛል። ሳይክሉን እሰቅለዋለሁ።»

እኔ በንዴት የምታወቅ ሰው ነኝ፤ ያኔ የተናደድሁት ግን በራሴ ነው። በግዥ ሥራ አንድ የመጀመሪያ ሕግ አለ፣ አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ እኔ ነኝ የማስተምረው፤ ዕቃውን የሚጠቀምበትን ክፍል ሳትጠይቅ መስፈርት አትጻፍ። ቡልጋሪያ ያለው ሰው መብራት የሚገዛው ለሚያየው ሹፌር ነው ብሎኝ ነበር። ዘበኛውን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ጋሼን ብቻ አልጠየቅሁም።

«ጋሼ» አልኋቸው፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ፣ አፌ እንዲታያቸው ቀስ ብዬ። «ጥፋቱ የጆሮዎ አይደለም፣ የግዥ ክፍሉ ነው። የተሳሳተ ዕቃ ነው የገዛሁት። ሳይክሉን ከመስቀልዎ በፊት የሚያስፈልግዎን ይንገሩኝና እንደገና ልግዛ።»

ስልካቸውን ከእጄ መልሰው ወሰዱት። «የማየው ነገር» አሉ። «የሚነካኝም ቢኖር ጥሩ ነው።»

መምህሩ፣ «ይኸው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለቀ መስፈርት» አለ።

ስክሪኑም በጎረቤቴ በኩል መጣ። ግማሽ መዳፍ የምታህል ናት። መኪና ከኋላ ሲቀርብ በጠርዟ በኩል አንዲት ነጥብ ከታች ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሁለት ከሆኑ ሁለት ነጥብ ነው፤ መኪናው በጣም ፈጣን ከሆነ ጠርዙ ቀይ ይሆናል። ከእሷ ጋር የእጅ ሰዓት ተያያዘ፣ መኪና ሲመጣ አንጓቸውን የሚነዝራቸው። አሰርንላቸውና ቅዳሜን ልንጠብቅ ስንል ጋሼ እምቢ አሉ። «ሳትፈትኚው ያመንሽው መሣሪያ ጣት ይቆርጣል» አሉኝ።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት የባንኩ ልጅ የአጎቱን መኪና ይዞ መጣ። ጭር ያለ መንገድ አግኝተን ጋሼ በብስክሌት ፊት፣ ልጁ በመኪና ኋላ ሆነው ከሁለት ሰዓት በላይ ተመላለሱ። በፍጥነት ና ይሉታል። በዝግታ ና ይሉታል። «አሁን ደግሞ በእኔ ፍጥነት ልክ ተከተለኝ» አሉት። ያኔ ነጥቧ ጠፋች። ጋሼ ቆመው ጣታቸውን አነሡ። እኛ ከአምራቹ ጽሑፍ ላይ አንብበን ያለፍነውን በራሳቸው አገኙት፤ ራዳሩ የሚያየው የሚቀርበውን ነው፤ በእኩል ፍጥነት ከኋላ ተለጥፎ የሚሄደውን አያውቀውም። ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪና ስለሚበዛበት ያለማቋረጥ ይነዝራል፣ እዚያ ላይ ነጥብ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ሁሉንም ከፈተኑ በኋላ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ከተማ ውስጥ በዓይን። ከከተማ ሲወጡ በራዳሩ፤ እሱም ሆኖ ሠላሳ ረግጠው አንዴ ይዞራሉ። «ዕቃው ያግዘኛል እንጂ አይተካኝም» አሉ። እኔ ያን ዕለት ማስታወሻ ደብተር ይዤ እጽፍ ነበር፤ በሥራዬ ላይ ብዙ የዕቃ ፍተሻ ኮሚቴ አይቻለሁ፣ የጋሼን ያህል የማያወላዳ አላየሁም።

ቅዳሜ መጣ። ካዛንቺስ ተገናኘን፣ ቂርቆስ በር ላይ ቆመን ተሳለምን፣ ጎተራን፣ ሳሪስን አለፍን። ሦስታችንም ጆሯችን ከኋላ ነበር። ከቃሊቲ በታች መንገዱ ሲከፈት ጋሼ ጠሩ።

«ከኋላ! ሁለት ናቸው!»

ምንም አልሰማሁም። ነፋስ ብቻ ነው። ግን ወደ ጠርዝ ተሰበሰብን። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ያቺ የጎማ ሹክሹክታ ከኋላዬ መጣች። አንድ መኪና አለፈ፤ ኤሌክትሪክ ነው። ተከትሎት ሌላ አለፈ። ሁለት ነበሩ። የባንኩ ልጅ እጁን ከመሪው አንሥቶ ክርኑን ወደ ሰማይ አሳየ፣ መምህሩ ከፊት ሳቀ።

እንዲህ ሆነን ደስ ብሎን ጥቂት ሄድን። መንገዱ ጭር አለ። ያኔ ከኋላዬ፣ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው፣ ያ ድምፅ መጣ።

«ኮርቻሽ!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ የምሰማው ቃል ነውና መኪና መጣ ብዬ ወደ ጠርዝ ወጣሁ።

«መኪና አይደለም! ኮርቻሽ ነው! ዝቅ ብሏል! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትነጂ ነበር?»

ስነዳ ነበር። ተመርቄያለሁ ብዬ ለባሌ ተኩራርቼ፣ ጎብዣለሁ ብዬ። ለካ ዝም ያሉኝ ዓይናቸው ለእኛ ሲል ወደ ኋላ ስለነበረ ነው። ተናግረውኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ሳላውቅ ሁለቱንም አደረግሁ፣ ጀርባዬን ስለሰጠኋቸው አላዩኝም።

«ጉልበትሽም!» አሉ ጋሼ።

ስንመለስ ሳሪስ ላይ ወርጄ ኮርቻዬን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁ። እስከ ዛሬ አላወረድሁትም።